የአየርላንድን ‘ፌሪ’ ዛር እንበላት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ልቦለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በአየርላንድ ጥንታዊ ተረቶች ላይ የተመሠረተ የፍቅር ታሪክ ሲሆን፣ አንዲት የገጠር ልጅ የ‘ፌሪ’ዎችን፣ ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚኖሩ ውብ የተረት ፍጥረታትን፣ ልዑል ትወዳለች። መጀመሪያ ‘ዛር’ ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ረቂቁን አንብባ «ዛርን ማን ያፈቅራል? ይለማመጡታል እንጂ» አለችኝ። ‘ጋኔን’ ከበደብኝ፣ ‘መልአክ’ አልሆን አለኝ፤ ‘ፌሪ’ ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ባዶ ድምፅ ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናትዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን ጨርሰውታል፤ እኔ የምጨምረው ምክንያቱን ብቻ ነው። ቃል ሲመርጡ የፍጥረቱን መልክ ትተው ግሡን ይዩ። አማርኛ ለማይታዩ ፍጥረታት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግሥ ሰጥቷቸዋል። ዛር ይሰፍራል፤ የሰፈረበት ሰው ‘ፈረሱ’ ይባላል። ቆሌ ይጠብቃል፤ ክፉኛ የደነገጠ ሰው ‘ቆሌው ተገፈፈ’ ይባልለታል። ውቃቢ ይቀርባል፣ ይርቃል። ቡዳ ይበላል። ጋኔን ይጎተታል፣ ይለቀቃል። አድባር ይለመናል። ስሙን በጻፉ ቁጥር ግሡ፣ ከግሡም ጋር ሥርዓቱ ሁሉ አብሮ ይገባል። ‘ዛር’ ሲሉ ቡናው፣ ከበሮው፣ ማጓራቱ ተከትሎ መጥቶ ልዑልዎን ይውጠዋል።

የአየርላንዶቹ ግሥ ሌላ ነው፤ እነሱ ይወስዳሉ። ሙሽራ ይወስዳሉ፣ ለምጣቸው አዋላጅ ይወስዳሉ፣ ሕፃን ይወስዳሉ፣ ጥሩ ሙዚቀኛም አይምሩም። የገጠሩ ሰው ስለ አንዲት ሴት ‘ተወስዳለች’ ካለ ማን እንደወሰዳት አይጠየቅም ነበር። የሰውን ገላ ቤታቸው አያደርጉም፤ የራሳቸው ቤት አላቸው። ቤታቸውም ስማቸው ሆኗል፤ በአየርላንድ ቋንቋ ‘ሺ’ ማለት ጉብታ ነው፣ ‘ኢስ ሺ’ ደግሞ የጉብታው ሰዎች። በቦይን ወንዝ አጠገብ ያለው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የተሠራው የኒውግሬንጅ ታላቅ የመቃብር ጉብታ በጥንቱ ተረት የአንዱ ጌታቸው የኤንገስ ቤት ነው። የእንግሊዝኛው ‘ፌሪ’ ግን በፈረንሳይኛ በኩል ዕጣ ፈንታን ከሚያመለክት የላቲን ቃል የመጣ፣ ከባዕድ የተደረበ ስም ነው። ስለዚህ ከተደረበው ስም ይልቅ ከገዛ ስማቸው ይተርጉሙ፦ ‘የጉብታ ሰዎች’። ‘ሺ’ን እንዳለ እናስቀምጠው ቢሉ ግን አማርኛ አይፈቅድልዎትም፤ ‘ሺዎቹ መጡ’ ብለው ይጻፉና አንባቢው ስንት ሺህ እንደሆኑ ይጠይቅዎታል።

ይህ ለተራኪው ነው። በገጸ ባሕርያቱ አፍ ላይ ሌላ ስም ያስፈልግዎታል፤ የአየርላንድ ገበሬ በደህና ቀን በስማቸው አይጠራቸውም ነበርና። እንዳይሰሙትና እንዳይቀየሙት ‘ና ዲኔ ማሄ’ ይላቸዋል፣ ደግ ሰዎች ማለት ነው። እኛም ክፉ በሽታን ‘ስም አይጠሬ’ ብለን እናልፋለን፣ በተረታችንም ጅብን ‘አያ ጅቦ’ ብለን እናከብራለን። ‘ደጋጎቹ’ ይበሏቸው። «ማታ በዚያ አትሂጂ፣ ደጋጎቹ ያልፋሉ» ስትል አንዲት አሮጊት፣ ፍርሃቱ በራሱ በቃሉ ደግነት ውስጥ ይሰማል። ‘ስውራን’ን አስበው ከሆነ ግን እባክዎን ይተዉት። ስውራን በእኛ ዘንድ የተሰወሩ ቅዱሳን አባቶች ናቸው፤ ለፍቅር ልቦለድ የምንበደራቸው አይደሉም።

‘ዛር’ ወደ አእምሮዎ የመጣው ግን በከንቱ አይደለም። በዛር ትውፊት ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ፣ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ አሥራ አምስቱን ውቦች ደበቀች፤ እሱም የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ አለ፣ ዛሮቹም እነሱ ናቸው ይባላል። አይስላንዶች ስለ ‘ስውር ሕዝባቸው’ ይህንኑ ይተርካሉ፤ በእነሱ ዘንድ ሔዋን የደበቀችው ያልታጠቡትን ነው። አየርላንዶች ደግሞ ከሰማይ የወደቁ፣ ለመዳን ያልበቁ፣ ለሲኦልም ያልከፉ መላእክት ናቸው ይላሉ። እነዚህ ሕዝቦች ሁሉ ያስቸገራቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከሰው ይልቅ ያማረ፣ ግን የማይባረክ ፍጥረት ከየት መጣ? የልብ ዝምድናውን አይተዋል፤ የሳቱት ግሡን ብቻ ነው።

በመጽሐፉ ሌሎችም ቃላት ሳይገጥሙዎት አይቀርም። ‘ባንሺ’ን ‘የሞት ጋኔን’ ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ይህ ስም ማጥፋት ነው። ‘ባን ሺ’ የጉብታ ሴት ማለት ናት፤ አትገድልም፣ ታለቅሳለች። ከጥንታዊ ቤተሰቦች ጋር በዘር የተቆራኘች ናትና ከመካከላቸው የሚሞት ሲኖር አስቀድማ ሙሾ ታወርዳለች። አየርላንድም እንደ እኛ በሬሳ ላይ ግጥም የሚያወርዱ ሴቶች ነበሯት፤ የባን ሺ ልቅሶ የእነሱ ልቅሶ ነው። ‘የጉብታዋ አልቃሽ’ ብትሏት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የተወሰደው ሕፃን ቦታ ላይ የሚተዉት ፍጥረትስ? ‘የተለወጠ ልጅ’ ካሉ ጠባዩን ያሻሻለ ልጅ ይመስላል። ‘ምትክ’ን ደግሞ አይንኩት፤ ምትክ፣ ምትኩ፣ ካሳ እያልን በሐዘን ላይ ለተወለደ ልጅ የምናወጣው የመጽናኛ ስም ነው። እኔ ‘ልዋጭ’ን እመርጣለሁ። በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስን በዕቃ የሚለውጠው ነጋዴ ትዝ እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ ነገሩ ግን ያው ነው፣ ያንተ ይሄዳል፣ ሌላ በቦታው ይቀራል። ቃሉን ለጌጥ እንዳይጠቀሙበት ብቻ አደራ እላለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በቲፐራሪ አውራጃ ብሪጅት ክሊሪ የተባለች ሴት «ይህቺ የእኔ ሚስት አይደለችም፣ ሚስቴን ወስደዋታል» ባለ ባሏ እጅ በእሳት ሞታለች። ልዋጭ የሚለው እምነት እውነተኛ ሰው ገድሏል።

‘ቲር ና ኖግ’ ቃል በቃል የወጣቶች ምድር ነው። በአማርኛ ግን ‘ወጣቶች’ ከማኅበርና ከሊግ ጋር ስለተጣበቀ ሕልሙን ያጠፋዋል። ‘ብሔረ ብፁዓን’ም የቅዱሳን ነው። ኦሺን የሚባለው ጀግና የዚያን አገር ልዕልት ኒቭን ተከትሎ ወደዚያ ሄዶ ሦስት ዓመት የኖረ መሰለው፤ ተመልሶ ሲመጣ 300 ዓመት አልፏል። ከፈረሱ ወድቆ እግሩ አፈር በነካ ጊዜ ባንድ አፍታ ሽማግሌ ሆነ። የታሪኩ ቁም ነገር እርጅና ነውና ‘የማያረጁ አገር’ ይበሉት። ስሞቹንም በድምፃቸው እንጂ በላቲን ፊደላቸው አይጻፉ። ረቂቅዎ ላይ ‘ኒያምህ’ ወይም ‘ሲድሄ’ የሚል ካለ ‘ኒቭ’ እና ‘ሺ’ ብለው ያርሙት።

አሁን አማርኛ ከእንግሊዝኛ ወደሚበልጥበት ልውሰድዎ። የአየርላንድ ቋንቋ ‘አዝኛለሁ’ ለማለት ‘ታ ብሮን ኦረም’ ይላል፤ ሐዘን በላዬ አለ ማለት ነው። ፍርሃትም እንዲሁ በሰው ላይ ነው። እንግሊዝኛው ይህን አይችልም፣ እኛ ግን ‘ፍርሃት አለብኝ’፣ ‘ሐዘን ከበደብኝ’ እያልን በዚያችው ‘-ብኝ’ ስሜትን ከውጭ መጥቶ የሚጫን ነገር እናደርገዋለን። ፍቅርንም ‘ያዘኝ’ ነው የምንለው፣ እንደ ጉንፋን፣ እንደ ዛር። ያ የኒውግሬንጁ ኤንገስ በሕልሙ ያያትን ልጅ ወድዶ እህል አልበላ ብሎ ይታመማል፤ ሐኪምም ይመጣለታል። ያንን ‘ፍቅር ያዘው’ ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ተርጓሚ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለጥንቱ ታሪክ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ጋር አይታገሉ፤ ‘-ብኝ’ን ይልቀቋት፣ መንገዱን ታውቀዋለች።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። እንግሊዝኛው ልጅቱንም ልዑሉንም በአንድ ‘ዩ’ ያናግራቸዋል፤ እርስዎ ግን መወሰን አለብዎት። የገጠር ልጅ ጌታን ‘አንቱ’ ትላለች እንጂ በመጀመሪያው ቀን ‘አንተ’ አትለውም። ረቂቁን እንደገና ሲያነቡ ‘አንተ’ ያለችበትን ገጽ ይፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ‘አንተ’ ካለችው ታሪኩ ሳይጀመር አልቋል። እስከዚያ ድረስ ‘አንቱ’ ይሁን። ከዚያ በአንድ ምሽት ‘ቱ’ ከካዕብ ወደ ግዕዝ ትወርዳለች፣ ልዩነቷ አንዲት ፊደል ናት። ግሡም አብሯት ይለወጣልና፣ ሙሉ መጽሐፍ «ነገ ይመጣሉ?» ስትል የኖረችው ልጅ «ነገ ትመጣለህ?» ትላለች።