ከባድ ማቀዝቀዣ ያለው ኮምፒውተር በአባዱላ ሲጓዝ

ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ያለው ወንድማችን የጻፈልን ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ያስገጣጠመውን ዴስክቶፕ አባዱላ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አቁሞ አመጣው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 7 3700ኤክስ ነው፤ ማቀዝቀዣው ባለሁለት ፋን ትልቅ ታወር (ፕሮሰሰሩ ላይ እንደ ግንብ የሚቆም ባለክንፍ ብረት)፣ 1.1 ኪሎ። ቤት ከደረሰ ወዲህ ይበራል፣ ምስል ይሰጣል፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባለው የማስተካከያ ገጽ፣ ባዮስ ላይ፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንድ ጠጋኝ ከፍቶ ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረውን ነጭ ፔስት ጨመረበት፣ የላላውን ጥግ በኬብል ታይ አሰረው። ሦስት ቀን ሠርቶ ያው ሆነ። አሁን ለሠርግ ሥራ ባሕር ዳር ይዞት መሄድ አለበት። “ጋሼ፣ ፓወር ሰፕላይ ልቀይር? ደግሞስ እንዴት አድርጌ ልውሰደው?” ይላል።

ፓወር ሰፕላዩን ተወው ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታባክን። ራም ወይም ግራፊክስ ካርድ ተነቅንቆ ቢሆን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም ምስል አይሰጥህም ነበር። ፓወር ሰፕላይ ቢሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥልህ ቪዲዮ ስታቀናብር፣ ጭነት ሲበዛበት ነው። ምስል ሰጥቶ፣ ደቂቃ ቆጥሮ የሚጠፋ፣ ትንሽ ሲያርፍ መልሶ የሚነሳ ኮምፒውተር ሕመሙ ሙቀት ነው። መንገድ ላይ ማቀዝቀዣህ ባንድ በኩል ከፕሮሰሰሩ ተነስቷል። የወረቀት ውፍረት ያህል ቢነሳም ይበቃዋል። 3700ኤክስ 95 ዲግሪ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። የአንተው እየተከላከለ ነው፤ የተቃጠለ አይመስለኝም።

ጎኑን ከፍተህ በዓይንህ ሳታይ ግን ዳግመኛ ኮረንቲ ላይ እንዳትሰካው። አሁን ከአንድ ኪሎ በላይ ብረት በአንድ የፕላስቲክ ጥርስና በኬብል ታይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። እየሠራ ሳለ ቢወድቅ የሚያርፈው ግራፊክስ ካርዱ ጀርባ ላይ ነው፤ ያኔ ከአንድ ዕቃ ይልቅ ሦስት ዕቃ ነው የምትገዛው።

ገመዱን ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ አምስት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኮረንቲ አስወጣ፣ ኬዙን መስታወቱ ወደ ላይ እንዲሆን አስተኛው። የማቀዝቀዣውን ራስ በሁለት ጣት ይዘህ በቀስታ ወዝወዝ አድርገው። በደንብ የታሰረ ታወር ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ይዞ አብሮ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ ለብቻው አይወዛወዝም። ከዚያ የስልክህን መብራት ከሥር አብርተህ ሁለቱን ጥቁር ፕላስቲክ መያዣዎች እይ። ኤኤም4 (ያንተ ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት የሶኬት ዓይነት) ባለው ማዘርቦርድ ላይ እያንዳንዱ መያዣ ከጀርባ ካለው ብረት ጋር በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ መሀሉ ላይ አንድ ጥርስ አለችው። ርካሽ ታወሮች ቀጭን የብረት ማንጠልጠያቸውን የሚያቆላልፉት እዚያች ጥርስ ላይ ነው። አንደኛዋ ተሰብራ ወይም ነጥታ ተለጥጣ ታገኛታለህ ብዬ እገምታለሁ። ጥርሷ የተሠራችው ከፕሮሰሰሩ ጋር ባንድ ካርቶን ለሚመጣው አጭር ማቀዝቀዣ ነው። 1.1 ኪሎ አንጠልጥሎባት ደጀንን የሚያሻግር ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

ስለ ኬብል ታዩ ዝም ብል ደስ ባለኝ። ናይሎን ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሦስት ቀን የሠራልህም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንድ ጥግ ብቻ ሲጎትት ተቃራኒውን ጥግ ያነሳል። ነጩ ፔስትም እንጀራ ላይ እንደሚቀባ ቅቤ ተደርጎ ከሆነ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ፔስት ብረትና ብረት ተጣብቀው ሲገናኙ መሀላቸው የሚቀሩትን ዓይን የማያያቸው ጉድጓዶች ይሞላል፤ ለተነሳ ማቀዝቀዣ ድልድይ አይሆንም።

አሁን ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገርህ፤ ይህን የያዘ ሰው የቀረውን የጉዞ ደንብ ራሱ ያወጣዋል። ሞፈርን ጫፉ ላይ ብቻ ይዘህ አግድም አንሳው፤ ክንድህ ይንቀጠቀጣል። ያንኑ ሞፈር አቁመህ ብትሸከመው ምንም አይመስልህም። እንጨቱ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው። ኬዙ ሲቆም ማዘርቦርዱ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከግድግዳው እንደ ወጣ ሞፈር ወደ ጎን ይንጠለጠላል። የክብደቱ መሀል ከማዘርቦርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጥቶ ነው ያለው። የኤኤም4 አራት ቀዳዳዎች ግን 54 በ90 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። አስላው፦ 1.1 ኪሎ በ9 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ ወደ 10 ይመጣል፤ በ9 ብታካፍለው 1.1፣ በ5.4 ብታካፍለው 1.8 ኪሎ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ እንኳ የላይኛው መያዣ በዚህን ያህል ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታል ማለት ነው። ለዓመታት ይችለዋል፤ ጠረጴዛ አይዘልማ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ግን ክብደቱ ለቅጽበት አራት እጥፍ ሆነ በል። ከ4 እስከ 7 ኪሎ የሚሆን ንቅንቅ፣ አሁንም አሁንም፣ እዚያችው ጥርስ ላይ። ፕላስቲክ ደግሞ በአንድ ትልቅ ምት ካልተሰበረ በሺህ ትንንሽ ምት ይደክማል። ኬዙን ስታስተኛው ማዘርቦርዱ ወለል ይሆናል፣ ማቀዝቀዣው ምሰሶ። ከታች የሚመጣው ንጠት ክብደቱን ፕሮሰሰሩ ላይ ይጫነዋል እንጂ አይገነጥለውም። የሚቀረው የጎን ውዝዋዜ ብቻ ነው፤ እሱም ኩርባ ላይ እንጂ ጉድጓድ ላይ አይበረታም።

እንግዲህ ያንተ ጥርስ ከተሰበረ አስተኝተኸውም ቢሆን መንገድ አትውጣ። ማቀዝቀዣውን አውልቀህ ለብቻው ነው የምትወስደው።

አወላለቁ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ። ኤኤም4 ፕሮሰሰር ከሥሩ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት፣ ሶኬቱም ከላይ አይጨቁነውም። ፔስቱ ከደረቀ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርገህ ስትጎትት ፕሮሰሰሩ መቆለፊያው እንደተዘጋ አብሮ ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ ኬብል ታዩን ቁረጥ፣ የፋኑን ሽቦ ንቀል፣ በፀጉር ማድረቂያ የማቀዝቀዣውን እግር ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቀው። ማንጠልጠያውን ፍታና ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ ማሰሮ ክዳን በትንሹ አሽከርክረው። ሲለቅ በእጅህ ይሰማሃል፤ ያኔ አንሳው። አብሮ ከወጣ ደግሞ ደንግጠህ መልሰህ አትጫነው። እግሮቹን በብርሃን ፊት እይ፤ የጎበጠ ካለ በባዶ የመርፌ እርሳስ ጫፍ ቀስ ብለህ አቅና።

አሮጌውን ፔስት በፋርማሲ አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረግ። ሶፍት ብናኝ ይተዋል። አረቄም አይሆንም፤ ከሶኬቱ ዙሪያ ውኃ አንፈልግም፣ አረቄውም ያሳዝናል። ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ውስጥ፣ መቆለፊያው ተዘግቶ ይጓዝ። ማቀዝቀዣውን በጨርቅ ጠቅልለህ ለብቻው ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው፤ የአሉሚኒየም ክንፎቹ በጣት ግፊት ይጣመማሉ። ግራፊክስ ካርዱንም አውጣ፤ ብሎኑን ፈትተህ የማስገቢያውን መቆንጠጫ ተጫንና ቀጥ አድርገህ ሳበው። በመጣበት ብርማ ላስቲክ ጠቅልለው።

ኬዙ ውስጥ የሚፈረፈር ነጭ ፎም አትጠቅጥቅ። ንክኪው የማይታይ ኮረንቲ ይፈጥራል፣ ፍርፋሪውም ፋን ውስጥ ይገባል። ማቀዝቀዣውና ካርዱ ከወጡ ደግሞ ውስጡን መሙላት አያስፈልግህም። መስታወቱን ፍታና በጋቢ ጠቅልለው፤ ሴራሚክ ወለል ላይ በጥጉ ካስቀመጥከው ግን አንዲት ቺክ ትበቃዋለች፣ እንደ ጨው ይበተናል። በቦታው ካርቶን ቆርጠህ በፕላስተር ለጥፍ። የሠርጉን ቪዲዮ በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ በኪስህ ያዝ፤ ይህ ክርክር የለውም።

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለኮምፒውተሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ክፈልለት። ፖርቶ መጋላ ላይ አይወጣም፤ ረዳቱ “እኔ አስረዋለሁ፣ አታስብ” ቢልህም አይወጣም። የኋላ ወንበርም ይቅር፤ ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለ ነገር ሁሉ ከሌላው አብልጦ ይነጥራል። መሀል ወንበር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አንጥፍ፣ ማዘርቦርዱ የታሰረበትን ጎን ወደ ታች አድርገህ አስተኛው። ወንበሩ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ከኋላ በኩል የታጠፈ ጋቢ ሥር አስገባና አስተካክለው፣ ከዚያ በቀበቶ ወይም በመጫኛ እሰረው። ክረምት ከሆነ ላስቲክ ደርብበት። የመጨረሻዋ ባጃጅ ናት ብዙ ጊዜ የምታበላሸው፤ ሰው ደርሻለሁ ብሎ ኬዙን አቁሞ ጉልበቱ መሀል ይይዘውና ኮብልስቶን ላይ ይጋልባል። እዚያም ተኝቶ ነው የሚሄደው።

ባሕር ዳር ስትደርስ ከእንጅባራ ብርድ መጥተህ ወደ ጣና ዳር ሙቀት ስለገባህ አንድ ሁለት ሰዓት አሳርፈው፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ጤዛ ይይዛል። እስከዚያ ማቀዝቀዣ ፈልግ። የምትገዛው ለኤኤም4 የራሱን የብረት መያዣ ይዞ የሚመጣ፣ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ካለው ብረት ጋር በብሎን የሚታሰር ይሁን። ስም የሌላቸውን፣ ስድስት ቧንቧ፣ ባለቀለም መብራት እያሉ የሚሸጡትን ተዋቸው፤ የብሎናቸው ራስ ካቻቢቴ ሲነካው እንደ ሰም ይበላል። ጥቁሮቹን ፕላስቲኮች ስትፈታ የጀርባው ብረት ወደ ኋላ ይወድቃልና የኬዙን ሌላኛ ጎን ከፍተህ በእጅህ ደግፈው። ፔስት የአተር ፍሬ ያህል መሀል ላይ ጠብ አድርግ፣ አትቀባው። ብሎኖቹን በማዕዘን አቋርጠህ፣ ሁለት ሁለት ዙር እያፈራረቅህ እስኪቆሙ አጥብቅ። አንዱን መጀመሪያ ጨርሰህ ካጠበቅህ ጠጋኝህ የሠራውን ነው የምትደግመው።

ካርዱን መልስ፣ ራሞቹን ቀጭ እስኪሉ ተጫን፣ የፋኑን ሽቦ ‘ሲፒዩ ፋን’ የሚለው ላይ ሰካ። ኬዙን ቀስ ብለህ ዘንበል አድርገህ ስማ፤ የሚንኳኳ ብሎን ካለ ሳታወጣው አትሰካ። ሁሉንም በዓይንህ ሳታይ አትሰካ ያልኩህን አሁንም እደግመዋለሁ። ካበራህ በኋላ ቀጥታ ባዮስ ግባና የፕሮሰሰሩን ሙቀት አምስት ደቂቃ ተከታተል። ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ላይ ከረጋ ሥራህን ጀምር። ደቂቃ ሳይሞላ 80ን ካለፈ ወዲያው አጥፋና ማቀዝቀዣውን አንስተህ የፔስቱን አሻራ እይ፤ ባንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ባዶ ከሆነ አንዱ ብሎን አልጠበቀም። አሻራው እኩል ሆኖ ሙቀቱ ከፍ ካለ ደግሞ ከማቀዝቀዣው ሥር ያለውን መከላከያ ላስቲክ ሳትልጥ ገጥመኸው እንደሆነ እይ።