አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ቢፈላ ቴርሞሜትሩን አትጠርጥሩ

«ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። መጽሐፏ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል። እዚህ አዲስ አበባ፣ ቤት ስንለካው ግን 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ብንጨምርም ንቅንቅ አልል አለ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

እህቴ፣ ቴርሞሜትሩን እንዳትጥዪው። 92 ትክክል ነው። ሳይንስ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ለክቶ የሚጠይቅ ተማሪ ሲገኝ ግን በጣም ደስ ይለኛል።

መጽሐፉ 100 ያለው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ውሃ ነው። ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፈዋል። አዳማ ወርዳችሁ ብትለኩ 94 ወይም 95 ታገኛላችሁ። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል እያለ ማገዶ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚያሳድግ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

እሳት ተጨምሮም ቁጥሩ ለምን ቆመ? ተማሪዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። እሳት ከተጨመረ ሙቀቱም መጨመር አለበት ይላሉ። ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ጉልበቱ የሚውለው ተያይዘው የነበሩትን የውሃ ሞለኪውሎች ለማለያየት ነው። ፈሳሹ ቶሎ ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ሥራውም ቀላል አይደለም። 1 ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን 2,260 ኪሎጁል ያህል ይጠይቃል። እንፋሎት እጅ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ያንን ሁሉ ጉልበት ቆዳ ላይ ያራግፈዋል። ከፈላ ውሃ የባሰ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። (በነገራችን ላይ ከማንቆርቆሪያው አፍ የሚወጣው ነጭ ነገር ጋዝ አይደለም፤ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። እውነተኛው እንፋሎት ከአፉ አጠገብ ባዶ የሚመስለው ቦታ ላይ ያለው፣ የማይታየው ነው።)

ቅቤ ስታነጥሪም ይኸው አለ። ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እየተነነ ሳለ ይንጣጣል፤ ሙቀቱም ብዙ አይወጣም። ውሃው አልቆ ድምፁ ሲረግብ ግን ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል። ያኔ ካላወረድሽው ያርራል።

አሁንም ቴርሞሜትሩን ካላመናችሁት በበረዶ ፈትኑት። በረዶ ቀጥቅጣችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ፤ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ አማስሉና ትንሽ ቆይታችሁ ለኩ። ወደ 0 ከተጠጋ ደህና ነው። በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስም ከዚያ አይነሳም። ከፍታ የበረዶን መቅለጫ ነጥብ እንደ መፍያው አይቀይረውም፤ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ያው 0 ነው። ደግሞ አደራ፣ የትኩሳት መለኪያውን የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትከቱት። የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ይሰበራል።

ፈተና ላይ ከመጣባት «100 ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል» ብላ ትጻፍ።