ቀን አብራው፣ ማታ ለብቻው አትተወው፦ ስለ ካሜራ ፍላሽ የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በቅርቡ ዲጂታል ካሜራ ገዝቻለሁ። የፍላሹ ምርጫ ብዙ ነው፤ ኦቶ አለ፣ የመብረቅ ምልክት ብቻ ያለበት አለ፣ የዓይን ምልክት ያለበት አለ፣ ስሎው ሲንክ የሚል አለ፣ የጠፋም አለ። ግራ ስለገባኝ ሁልጊዜ ኦቶ ላይ ነው የምተወው። ችግሩ ቀን ላይ ፀሐይ ከኋላቸው ሆና ያነሳኋቸው ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣል። ማታ ደግሞ ፊታቸው ነጭ ሆኖ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የትኛውን መቼ ልጠቀም?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ሁለቱንም ያመጣብህ ኦቶ ነው። ኦቶ በዋናነት የሚያየው ብርሃን በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። ቀን ላይ ብርሃን ስለሞላ ፍላሹን አያበራም። ብርሃኑ ከሰውየው ጀርባ መሆኑን የሚለዩ ካሜራዎች አሉ፣ ግን እነሱም ይስታሉ።

ስለዚህ ቀን ላይ ሰው ስታነሳ የመብረቅ ምልክት ብቻ ያለበትን ምረጥ። ብርሃን ኖረም አልኖረም ፍላሹ ይበራል። ፊል ፍላሽ የሚባለው ይሄ ነው፣ እኔም ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ሰው በፀሐይ ፍላሽ ማብራት ሞኝነት ይመስለዋል፣ ግን ፍላሽ በጣም የሚጠቅመው እዚያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ትሠራለች፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰውማ ግማሽ ፊቱ የለም።

አሁኑኑ ሞክረው። አንድ ሰው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ይቁምልህ፣ አንተ ደግሞ ፍላሹ መስታወቱ ላይ ነጥሮ እንዳይመለስብህ ትንሽ ወደ ጎን ዞር በል። አንዴ ፍላሹን አጥፍተህ፣ አንዴ አብርተህ አንሳው። በመጀመሪያው ፎቶ የምታየው ጥቁር ቅርጽና የፀጉሩን ጠርዝ ብቻ ነው። በሁለተኛው ፊቱ ይመጣል፣ ዓይኑ ላይም ትንሽ ነጭ ነጥብ ታያለህ። ያቺ ነጥብ ናት ፊትን ሕይወት የምትሰጠው። ፍላሹ ከበዛና ፊቱ ከመጠን በላይ ከነጣ ሜኑ ውስጥ ገብተህ የፍላሹን ኃይል ወደ ማይነስ 1 አውርደው፤ ያ ማለት በግማሽ ቀነስከው ማለት ነው።

ወደ ማታው እንምጣ። የፍላሽ ብርሃን ርቀት በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጓደኛህ ከአንተ 2 ሜትር ላይ ቆሞ ከኋላው ያለው ግድግዳ 8 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ግድግዳው የሚደርሰው ጓደኛህ ካገኘው ብርሃን 1/16ኛው ብቻ ነው። ካሜራው ለጓደኛህ ፊት ሲለካ ግድግዳው ይጠፋል። ፍላሹን ብታጠነክረው ፊቱ ይበልጥ ይነጣል እንጂ ጀርባው አይመጣም።

መፍትሔው ስሎው ሲንክ ነው። ፍላሹ ፊቱን ያበራል፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ግን ቶሎ አይዘጋም፣ ለምሳሌ 1/8 ወይም 1/4 ሰከንድ ክፍት ይቆይና የአካባቢው መብራት ቀስ ብሎ ይገባል። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ግን ጀርባው ብዥ ይላል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከሌለህ ግድግዳ ተደገፍ፣ አይኤስኦውንም (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 800 ወይም 1600 ከፍ አድርገው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የሚነሱትን ሰዎች “ፍላሹ ከበራ በኋላም አትንቀሳቀሱ” በላቸው። ፍላሹ ብልጭ ሲል ሁሉም አለቀ ብሎ ይበተናል፣ እኔ ስንት ጥሩ ፎቶ እንደዚህ አጥቻለሁ።

የዓይን ምልክት ያለበት ቀይ ዓይንን ለመቀነስ ነው። ጨለማ ውስጥ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ ፍላሹ ሌንሱ አጠገብ ስላለ ብርሃኑ በቀጥታ ገብቶ ከዓይን ጀርባ፣ ደም ከሚበዛበት ክፍል ላይ ነጥሮ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ይህ ሞድ ቀድሞ ብርሃን አብርቶ ብሌኑን ያጠብበዋል። ግን ትንሽ ያዘገያል፣ ሕፃን እየሳቀ ከሆነ ሳቁ ያመልጥሃል። እኔ የክፍሉን መብራት ባበራ እመርጣለሁ፣ የቀረውን ቀይ ነጥብ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማጥፋት ቀላል ነው።

ሩቅ ያለ መድረክ ስታነሳ ግን አጥፋው። ካሜራው ላይ የተሠራው ትንሽ ፍላሽ አይኤስኦ 100 ላይ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4 በሚባለው መጠን ተከፍቶ፣ ከ3 ሜትር ገደማ ብዙም አያልፍም። የሚያበራው ከፊትህ የተቀመጡትን ሰዎች ጭንቅላት ነው። ሻማ ስታነሳም እንደዚሁ አጥፋው፣ የሻማውን ሙቀት ያለው ቀለም ፍላሹ ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ መነጽር ታደርጋለች። በፍላሽ ሳነሳት መነጽሯ ላይ ነጭ ብልጭታ ዓይኗን ይሸፍነዋል። ሳታወልቅ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። እናትህ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ወይም ፊታቸውን ጥቂት ወደ ጎን ያዙሩ። መነጽሩ እንደ መስታወት ነው፤ ከፍላሹ ፊት ለፊት ከሆነ መልሶ ይልክብሃል፣ ትንሽ ካዘነበለ ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። ሁለት ሦስቴ አንሳቸው፣ በየመካከሉ ስክሪኑን እያየህ። ጎናቸው መስኮት ካለና ቀን ከሆነ ደግሞ ፍላሹን አጥፋና በመስኮቱ ብርሃን አንሳቸው።