የመኪና ጥያቄና መልስ፦ በስታርሌቴ ላይ የተርቦ ሞተር ባስገባስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ ቶዮታ ስታርሌት አለኝ፤ ሞተሩ 4ኢ-ኤፍኢ ነው። በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ስመላለስ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል። የዚሁኑ መኪና ፈጣን ዓይነት፣ የስታርሌት ጂቲን ባለ ተርቦ ሞተር (ተርቦ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው) ላስገባበት አሰብኩ። አንዱ ጓደኛዬ በራሱ ሞተር ላይ ተርቦ መግጠም ይበቃል ይላል፤ ሌላው ተርቦ ከፍታ ላይ አይሠራም አለኝ። ምን ይመክሩኛል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ የሚያስኬድ ነው። የጂቲው ሞተር፣ 4ኢ-ኤፍቲኢ፣ ከአንተው ሞተር ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። መጠኑ ያው 1331 ሲሲ ሆኖ፣ ተርቦው ወደ 135 የፈረስ ጉልበት ያደርሰዋል። ለ850 ኪሎ ገደማ መኪና ይህ ብዙ ነው።

የከፍታውን ነገር ጓደኛህ ገልብጦ ነግሮሃል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን እዚሁ ያጣል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ከዚያም በላይ። ተርቦ የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል። ለዚያ ግን የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ ይግላልም።

በራስህ ሞተር ላይ ተርቦ መግጠሙን ተወው። የአንተ ሞተር የአየርና የቤንዚን ድብልቁን 9.6 ለ1 ይጨምቃል፤ የጂቲው 8.2 ለ1 ብቻ ነው፣ ያውም ለተርቦው ቦታ እንዲተው ታስቦ። በአንተኛው ላይ ግፊት ሲጨመርበት ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይለኩሰው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶን ይሰነጠቃል። ጂቲው ራሱ ጃፓን ውስጥ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ያለጊዜው መፈንዳትን የሚቋቋም ቤንዚን ይቀዳለት ነበር፤ ስለዚህ የተርቦውን ግፊት ከፋብሪካው ልክ በላይ ላሳድግልህ የሚልህን ማንንም አትስማ።

አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደህ ሞተር ስታገኝ ብቻውን አትግዛ። ኮምፒውተሩን፣ ሙሉ የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ ካምቢዮውንና ሴሚያሶቹን (ጉልበቱን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሱትን ዘንጎች) አብረህ ጠይቅ፤ የአሁኑ ካምቢዮህ ለዚያ ጉልበት አልተሠራም። የአየር ማስገቢያውን ቱቦ አስፈታና የተርቦውን ዘንግ ጫፍ በሁለት ጣትህ ያዝ። ወደ ጎን በጥቂቱ ቢነቃነቅ ጤነኛ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲሄድ ከተሰማህ፣ ወይም የምላጮቹ ጫፍ ቤቱን ፍቆ ካየህ፣ ዋጋ ሳትጠይቅ ውጣ። ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ካለም እንዲሁ።

ገንዘብህ ግን መጀመሪያ ወደ ሞተሩ አይሂድ፤ ይህን ደጋግሜ እነግርሃለሁ። በ80 የሚሄድን መኪና 120 ስታስኬደው ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። የፊት ዲስኮቹንና መንከሻዎቹን ወደ ጂቲው ቀይር፣ የኋላውን ሸራ አሳድስ፣ የፍሬን ዘይቱን ጨርሰህ አስቀይር፣ ያረጀ ጎማ አውጣ። ሞተሩ ተገጥሞ ፍሬኑ «ገንዘብ ሲገኝ» የተባለለት መኪና ጋራዤ ቢገባ ለባለቤቱ ቁልፍ አላስረክብም። በዚያ መንገድ ላይ ሕፃናት የጫነ ሚኒባስ ከፊትህ ይኖራል።

አነዳዱም ይለወጣል። ተርቦው ሲነሣ የፊት ጎማዎቹ መሪውን ከእጅህ ሊነጥቁህ ይሞክራሉ፤ ዝናብ ላይ በእርጋታ ርገጥ። ከረጅም ጉዞ ደርሰህ ወዲያው አታጥፋው፣ ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እንዳይቃጠል አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ከመግዛትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ስለ ለውጡ ፈቃድ ጠይቅ፤ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለውን ሞተር ምንም ቢረክስ አታንሣው።