ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ፦ የኩሽና ሴራሚክ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። ኩሽና እያደሳችሁ ለግድግዳው ሴራሚክ የምትመርጡ ብዙ ስለሆናችሁ ዛሬ ማታ የምችለውን እመልሳለሁ። ሥራዬ ሴራሚክ መለጠፍ ነው። ስትጠይቁ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ምድጃው የጋዝ ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ርዝመቱንም በሜትር ጻፉልኝ።

ከፍራንኮ፦ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ የጠየቅሁትን ጻፍና ተመለስ።

ከቦኩ፦ ጋሼ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት ነው፤ ምድጃው የጋዝ። ወጥ በየቀኑ ይሠራል። ትንንሽ ነጭ ሞዛይክ ወድጃለሁ፤ እናቴ ግን እርድና በርበሬ ያበላሸዋል ትላለች።

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው፤ የሚበላሸው ግን ሞዛይኩ አይደለም፣ በመካከሉ ያለው መስመር ነው። የሴራሚኩ ፊት እንደ ብርጭቆ ስለተለበጠ እርድም ቅቤም አይሰርግበትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። መስመሩ ግን ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶ ደግሞ ዘይት ይጠጣል። ቁሌቱ ሲንተከተክ የሚፈናጠረው ነገር መስመሩ ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቆይቶ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ቢፈገፈግም አይመለስም።

ሒሳቡን ተመልከቺ። ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞዛይክ በአንድ ካሬ ሜትር 80 ሜትር ያህል መስመር አለው። 30 በ60 የሆነው ሴራሚክ 5 ሜትር ብቻ ነው ያለው። ሱቅ ውስጥ ሁላችሁም የሴራሚኩን ፊት ታያላችሁ፤ ስለ መስመሩ የሚጠይቀኝ የለም!

ሞዛይኩን ካልተውሽው ከምድጃው ራቅ አድርገሽ አስለጥፊው። ከምድጃው ጀርባ ትልቁን፣ መስመሩንም 2 ሚሊ ሜትር። መሙያው በውሃ የተበጠበጠ ነጭ ሲሚንቶ እንዳይሆን አደራ! ይሰነጠቃል፣ ይቆሽሻል። ለመስመር ተብሎ የተዘጋጀውን ግራጫ ወይም አፈርማ መሙያ ግዢ። አቅም ካለሽ ለዚያች ቦታ ብቻ ኤፖክሲ የሚባለውን፣ ከሲሚንቶ ሳይሆን ከሙጫ የሚሠራውን መሙያ፤ እርሱ ዘይት አይጠጣም። ቶሎ ስለሚደርቅ ግን እጁ ፈጣን የሆነ ባለሙያ ይፈልጋል። ሥራው ሲያልቅም አሲድ እንዳታስነኪው፤ አሲድ ሲሚንቶን ይበላል።

ከወንጂ፦ ፖርስሊን ወይስ ተራ ሴራሚክ?

መልስ፦ ፖርስሊን በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ ነው፤ የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ የግድግዳ ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። ለወለል ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግድግዳ ላይ ግን የሚራመድ የለም፤ ተራው ይበቃል። ፖርስሊን ከመረጥህ በማጣበቂያ እንጂ በሲሚንቶና አሸዋ አታስለጥፍ፤ ውሃ ስለማይጠጣ አይዝም፣ ቆይቶ ይላቀቃል። ተራው በሲሚንቶ የሚለጠፍ ከሆነ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ግድግዳውም ይርጠብ። በአዳማ ሙቀትና ነፋስ ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ይጨርሰዋል።

ከአሰላ፦ ይህ ሁሉ ለምን? ወጥ የሚሠራው በውጭ ኩሽና ነው። የውስጡ ለሻይና ለቡና ነው፤ ቀለም ይበቃዋል።

ከቦኩ፦ ወንድሜ፣ እናቶቻችን በጭስ የታፈኑት ይበቃል። ውስጥ ለማብሰል ነው እኮ የምናድሰው።

ከአሰላ፦ ቅቤ ውስጥ አንጥሪና ሽታው ሳሎን ሲገባ ታያለሽ።

ከወንጂ፦ መስኮት ይከፈታል። የእኛ ኩሽና መስኮት…

መልስ፦ የመስኮቱንና የውጭ ኩሽናውን ነገር ለብቻው ተወያዩበት፤ ጥያቄ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ውጭም ተሠራ ውስጥ፣ ዘይት በሚፈናጠርበት ግድግዳ ላይ ቀለም አይበቃም።

ከገዳ፦ እምነ በረድስ?

መልስ፦ ከቤኒሻንጉል የሚመጣው እምነ በረድ ውብ ነው። ነገር ግን ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ፊቱን ይበሉታል፣ ድምቀቱም ይጠፋል። ድንጋይ ከፈለግህ ግራናይት።

ከገዳ፦ ፕላስቲክ ተለጣፊስ?

መልስ፦ ከጋዝ ምድጃ ጀርባ በፍጹም። ሙቀት ያጣምመዋል፣ እሳት ከነካውም ጭሱ መርዝ ነው።

ከሞጆ፦ አሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲሱን መለጠፍ ይቻላል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። እያንዳንዱን በሳንቲም አንኳኩ። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ይዟል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ተላቋልና ይነሣ፣ ቦታውም ይለሰን። የቀረውን ከቅባት አጽድታችሁ ፊቱን በመፈግፈጊያ ድንጋይ አሻክሩትና በማጣበቂያ ለጥፉበት። ግድግዳው እንደሚወፍር አትርሱ፤ ሶኬቶቹ ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው። ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፣ ቆጣሪው ተዘግቶ።

ከፍራንኮ፦ ጋሼ፣ ብሎኬት ነው፣ ጋዝ ነው፣ 3 ሜትር ነው። አሁንስ ቀለሙ?

መልስ፦ ስለ ቀለም አልሟገትም፤ የምትኖርበት አንተ ነህ። ስለ ፊቱ ግን ስማኝ፦ ለስላሳና አንጸባራቂ ይሁን። በበጋ የአዳማ አቧራ ከዘይት ጋር ሻካራ ፊት ላይ ከተጋገረ ማጽዳቱ መከራ ነው።

ከወንጂ፦ ሠራተኛው ሲጨርስ በአሲድ ላጥበው ይላል።

መልስ፦ ከላይ ለእህታችን ጽፌዋለሁ፤ አሲድ አይነካውም! መስመሩን ይበላዋል። የሲሚንቶው ቅሪት ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረግ፣ በኋላ በደረቅ ጨርቅ። አሲድን ከበረኪና ጋር የሚቀላቅል ሰው ካያችሁ ደግሞ ከቤት አስወጡት፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከገዳ፦ ዋጋው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ሱቅ ጠይቅ።

ከቦኩ፦ 30 በ60ውን መርጫለሁ። የኤል ቅርጽ ነው፤ አንዱ ጎን 3 ሜትር፣ ሌላው 1.80። እስከ ላይኛው ቁም ሣጥን 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንት ልግዛ?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ርዝመቱ በድምሩ 4.80 ሜትር፣ ስፋቱ 2.88 ካሬ ሜትር ነው፤ 16 ፍሬ ይሸፍነዋል። ለቆረጣና ለስብራት 10 በመቶ ጨምሪ፤ 18 ፍሬ። ሁሉንም በአንድ ቀን ግዢ፣ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና የቀለም መለያ አንድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ቆመሽ አመሳክሪ። የተረፈውንም አትጣይ፤ ነገ አንዱ ቢሰበር ያው ቀለም ላይገኝ ይችላል።