«እኔም ነዳይ ነኝ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ነዳያን እጃቸውን ሲዘረጉልኝ «እኔም ነዳይ ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አልፋለሁ። ጌታም «ነዳያን ብፁዓን ናቸው» ብሏል። ባለቤቴ ግን «አንቺ ንፉግ እንጂ ነዳይ አይደለሽም» ይለኛል። የቃላቱን ልዩነት ቢያስረዱኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽ አነጋገር ጠንከር ቢልም ተሳስቷል አልልሽም።

ሁለቱም ከግዕዝ የመጡ ናቸው። ነዳይ ድሃ ነው። ድህነቱ «ንዴት» ይባላል። (የሰንበት ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይስታሉ። በአማርኛ ንዴት ቁጣ ስለሆነ ሰውየው የተናደደ ይመስላቸዋል።) ንፉግ ደግሞ «ነፈገ» ከሚለው ነው፤ ከለከለ፣ ሰሰተ ማለት ነው። ነዳይ የለውም፤ ንፉግ እያለው ይከለክላል።

የቃሉን መልክ ግን እስኪ ልብ በዪ። ብሩክ የተባረከ ነው። ኅሩይ የተመረጠ ነው። ንፉግም በዚያው መልክ የወጣ ቃል ነው። እኔ በሰማሁት ቁጥር «የተነፈገ» ብሎ ነው ጆሮዬ የሚገባው። ከልካዩ ራሱ የተከለከለ! ምሳሌ 11፥24 ላይም ያለ ቅጥ የሚነፍግ እንደሚደኸይ ተጽፏል።

ወደ ጠቀስሽው ቃል ልመለስ። ሉቃስ 6፥20 እንዳንቺው «በመንፈስ» ሳይል ድሆችን ብፁዓን ይላቸዋል። ማቴዎስ 5፥3 ግን «ብፁዓን ነዳያን በመንፈስ» ነው የሚለው፤ «በመንፈስ» የምትለዋን አትርሺ። እዚያ ላይ ጌታ ስለ ኪስ አልተናገረም። በእግዚአብሔር ፊት ባዶ እጄን ነኝ ስለሚል ትሑት ልብ ነው የተናገረው። ይህ ልብ ሀብታምም ጋ ይገኛል፤ ድሃም ሊያጣው ይችላል።

አንድ ቀን ሰንበቴ ላይ ከነዳያኑ ጋር የተቀመጡ እናት ከደረሳቸው የገብስ ዳቦ ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አየሁ። ለማታ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ቋጠሮውን ፈቱና ዘግይቶ ለመጣ ዓይነ ስውር ሰጡት። እኚህ እናት ነዳይ ናቸው። ንፉግ ግን አይደሉም።

«እግዜር ይስጥልኝ» ጥሩ ምርቃት ነው። ሳይኖርሽ ብትዪው ጸሎት ይሆንልሻል። ቦርሳሽን ወደ ብብትሽ እያስጠጋሽ ከሆነ ግን ያዕቆብ 2፥16ን አንብቢ፤ «እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ብለው ባዶ እጁን ስለሚሸኙት ሰው ይናገራል። በደብረ ብርሃን ብርድ «እሳት ሙቁ» መባል ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለጊዜው «እኔም ነዳይ ነኝ» ማለቱን ተዪው። ካለሽ ትንሽም ብትሆን ስጪ። ከሌለሽ ጎንበስ ብለሽ ስመ ክርስትናቸውን ጠይቂና ማታ ስትጸልዪ አንሺላቸው።