ዳቦ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጥብ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዳቦዬ ላይ መጀመሪያ ነጭ፣ ጥጥ መሳይ ነገር ወጣ። ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ አበጀ። ከየት መጥቶ ነው እንዲህ በአንዴ የሚራባው?

መልስ፦ ጥያቄዎን በጣም ወድጄዋለሁ። ሻጋታን በማጉያ መነጽር ማየት አይሰለቸኝም። ያዩት ሪዞፐስ የሚባለው ፈንገስ ይመስለኛል።

የመጣው ከአየር ነው። ስፖር የሚባሉት ደቃቅ ህዋሳቱ በየቦታው ይንሳፈፋሉ። አንዱ እርጥበት ያለው ዳቦ ላይ ካረፈ ያብጥና ሃይፋ የተባለ ክር ያወጣል። አንዳንዱ ክር በዳቦው ገጽ ላይ አግድም ይሮጣል፤ በየመሀሉም ሥር መሳይ ክሮች ወደ ውስጥ ይሰዳል። ክሮቹ ኢንዛይም አመንጭተው ስታርቹን ይሰባብሩና የሟሟውን ይመጥጣሉ።

ጥቁሩ ነጥብ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሥር ከሰደዱበት ቦታ ቀጥ ያሉ ዘንጎች ወደ ላይ ይወጣሉ። የዘንጉ ጫፍ ያብጥና እንደ ስፒል አናት ድቡልቡል ይሆናል፤ ስፖራንጂየም ይባላል። ለጋ ሳለ ነጭ ነው፣ ሲበስል ይጠቁራል። ውስጡ ያሉት ኒውክለሶች (የህዋስ አስኳሎች) በማይቶሲስ፣ ማለትም ራሳቸውን ገልብጠው ለሁለት በመከፈል፣ ይባዛሉ። ከዚያ አስኳሎቹን የከበበው ዝልግልግ ነገር፣ ሳይቶፕላዝሙ፣ ተቆራርጦ ግድግዳ ይለብስና ስፖር ይሆናል። አንዷ ነጥብ ብቻዋን በሺዎች ልትይዝ ትችላለች! ወንድ የለ፣ ሴት የለ፤ ሁሉም የወላጃቸው ግልባጭ ናቸው። ሽፋኑ ሲፈርስ ትንሽ ንፋስ ይበቃቸዋል።

ስለዚህ የሻገተ ዳቦ አፍንጫዎ ላይ አስጠግተው አያሽትቱ። ጥቁሩን ቆርጬ ቀሪውን ልብላ ካሉም ይቅርብዎ፤ ክሩ ከሚታየው አልፎ ገብቷል።